ነብሩ ሲስቅ ገበሬው የት ሄደ? የቲንጋቲንጋ ሥዕልና የተሳሳተ ንባቡ

ዐይኑን አፍጥጦ የሚያይ ቀጭኔ፣ ጥርሱን ያገጠጠ ነብር፣ ጅራቱን እንደ ቀለበት የጠመዘዘ ዝንጀሮ፤ የሥዕሉ ጀርባ ደማቅ ቢጫ ወይም ሰማያዊ፣ ሰውነቱ በነጠብጣብ የተሞላ። እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በስልክ መስኮት፣ በሸራ ቦርሳ፣ በልጆች መጽሐፍ ልባስና በሆቴል ግድግዳ ላይ በብዛት ይታያሉ። ስለ ምንነታቸው የሚሰጠው መግለጫ ግን እርስ በርሱ አይገጥምም። አንዱ የጥንት አፍሪካውያን ቅርስ ይላቸዋል፣ ሌላው የማሳይ ባህላዊ ጥበብ። ለቱሪስት የተፈበረኩ መጫወቻዎች ናቸው ብሎ የሚያልፋቸውም አለ። በዚህ ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚያወጣቸው ተመሳሳይ ምስሎች ተጨምረው የትኛው በሰው እጅ እንደተሠራ መለየት አስቸጋሪ ሆኗል።

ጉዳዩ ስም ከማቃናት ያለፈ ነው። አንድ ሥዕል «ባህላዊ» ሲባል ሠዓሊው ስም አልባ ይሆናል፤ «መጫወቻ» ሲባል ደግሞ ውስጡ ያለው ነገር ሳይነበብ ይቀራል። በሁለቱም መንገድ የሚጠፋው አንድ ነገር ነው፦ ከእንስሳው ጀርባ ያለው የገጠር ኑሮ። የሚከተለው ትንታኔ የቲንጋቲንጋ ሥዕል እንዴት እንደተወለደ፣ አስቂኝነቱ ከየት እንደመጣና ዛሬ የገጠመው ፈተና ምን እንደሆነ ለማብራራት የተጻፈ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የጎሳ ሳይሆን የሰው ስም

ቲንጋቲንጋ የአንድ ሰው መጠሪያ ነው። ኤድዋርድ ሰይዲ ቲንጋቲንጋ በ1932 በደቡብ ታንዛኒያ ቱንዱሩ ወረዳ፣ ያኔ ናሞቼሊያ ዛሬ ናካፓንያ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደ ብዙ የዘመኑ የደቡብ ወጣቶች የቀን ሥራ ፍለጋ ወጣ። መጀመሪያ ወደ ታንጋ፣ ወደ ቃጫ እርሻዎቹ ሄደ። ከዚያ ወደ ዳሬሰላም ተሻግሮ በነጮች ግቢ አትክልተኛ ሆነ፤ በሙዚቃ ቡድን ተጫወተ፤ በኋላም በሙሂምቢሊ ሆስፒታል በረዳትነት ተቀጠረ። ብሩሽ ያነሳው በ1968 ገደማ ነው። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

ሥዕሎቹ የሚሸጡት የውጭ አገር ሰዎች በሚኖሩበት በኦይስተር ቤይ ሰፈር፣ ሞሮጎሮ ስቶርስ ከሚባለው የገበያ ቦታ አጠገብ ነበር። ገበያው ደራለት። ጥቂት ዘመዶቹንና ወዳጆቹን አስጠግቶ ማስተማር ጀመረ፤ ሲሞን ምፓታ፣ ጃንዋሪ ሊንዳ፣ ካስፓር ቴዶ፣ አዴውሲ ማንዱ፣ ኦማሪ አሞንዴና አጃባ አብዳላ ከእነዚያ መካከል ናቸው። በ1972 ግን ፖሊሶች የተሳፈረበትን መኪና የሌባ መስሏቸው ተኩሰው ገደሉት። ዕድሜው 40 ነበር። ዛሬ መላውን ምሥራቅ አፍሪካ የሞላው ቅጥ መሠረት የተጣለው በእነዚህ አራት ዓመታት ብቻ ነው። ተከታዮቹ እየተደራጁ ቆይተው በ1990 የቲንጋቲንጋ ሠዓሊያን የኅብረት ሥራ ማኅበርን አቋቋሙ፤ ማኅበሩ ዛሬም እዚያው ኦይስተር ቤይ ይገኛል።

እንግዲህ ጥንታዊ የሚባለው ጥበብ ከአዲስ አበባው ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ በዕድሜ ያንሳል። ስለ ምንጩ የሚከራከሩ አሉ። አንደኛው ወገን ቲንጋቲንጋ ሐሳቡን ያገኘው በዚያ ዘመን ዳሬሰላም ውስጥ ይሸጡ ከነበሩት የኮንጎ ሥዕሎች ነው ይላል፤ ለውጭ አገር ሰው ሥዕል መሸጥ እንደሚቻል ያሳዩት እነሱ ናቸው። ሌላው ወገን ደግሞ በትውልድ አካባቢው በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ እንስሳትና ሰዎችን መሣል የተለመደ እንደነበር ያስታውስና ከተሜው ሠራተኛ ያየውን የልጅነት ግድግዳ ወደ ሰሌዳ አሸጋገረው ይላል። ሁለቱ የሚጣሉ አይመስሉም። ገበያ እንዳለ ያወቀው ከኮንጎዎቹ ሊሆን ይችላል፤ እጁ ሥዕል ሲጀምር የሄደበት መንገድ ግን የመንደሩ ነው ብሎ ማሰብ ያስኬዳል።

የብስክሌት ቀለምና የኮርኒስ ሰሌዳ

የዚህ ቅጥ ግማሽ ምስጢር ያለው በዕቃው ውስጥ ነው። ቲንጋቲንጋ የሣለው በሜሶናይት ላይ ነው፤ ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ስስ ሰሌዳ ሲሆን በእኛ ቤቶች ኮርኒስ ላይ ለሚመታው ችፑድ የቅርብ ዘመድ ነው። ለኮርኒስ የመጣው ሰሌዳ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ግድም ሆኖ በካሬ ይቆረጣል። የሜሶናይት መደበኛ መጠን 4 በ8 ጫማ ስለሆነ፣ በሁለት በሁለት ጫማ ሲከፈል ያለ ምንም ብክነት 8 ካሬ ይወጣዋል። አንድ ካሬ በብብት ስር ይያዛል፤ በብስክሌት ጀርባ ይጫናል።

ቀለሙ ብስክሌት የሚቀባበት ኢናሜል ነበር፤ ማለትም ሲደርቅ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ፣ በአኳራጅ የሚቀጥን የዘይት ቀለም። ርካሽ ነው፤ በየሱቁ በትንንሽ ቆርቆሮ ይገኛል። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥቡ ላይ ሌላ ቀለም ከነካው ይቦካል። ስለዚህ ሠዓሊው ከብርሃን ወደ ጥላ ቀስ በቀስ የሚያሸጋግር ለስላሳ አሣሣል ሊሞክር አይችልም። መጀመሪያ ጀርባውን በአንድ ወይም በሁለት ቀለም ይለቀልቃል። ይጠብቃል። ከዚያ የእንስሳውን አካል በአንድ ወጥ ቀለም ይሞላል። እንደገና ይጠብቃል። በመጨረሻ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ነጠብጣቡን፣ ጸጉሩን፣ ጥፍሩንና ዐይኑን ይጨምራል። የምናየው ጥርት ያለ ጠርዝና ችምችም ያለ ነጠብጣብ ከውበት ምርጫ በፊት የቀለሙ ግዴታ ነው።

ከቀደምት ሥራዎች የተለመደውን ዓይነት አንድ ነብር በቅርብ እንየው። እንስሳው ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ከእንስሳውና ከሥዕሉ ጀርባ ቀለም በቀር ሌላ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ሣር የለም፣ ዛፍ የለም፣ ሰማይ የለም። አካሉ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፊቱ ግን ዞሮ ተመልካቹን ያያል፤ ሁለቱም ዐይኖች ክብ ሆነው ተከፍተዋል። ጅራቱ ለሰሌዳው ስለረዘመበት ወደ ላይ ታጥፎ ጀርባው ላይ ተጠምዝዟል። ይህ እጥፋት ብቻውን ፈገግ ያሰኛል፦ አውሬው ራሱን ለማሳየት ሲል በጠባብ ሣጥን ውስጥ የገባ ይመስላል።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች እነዚህ ሁለት ዐይኖች የተለየ ነገር ይነግራሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን በሁለት ዐይን ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ርኩሳንና ከሓድያን በጎን፣ በአንድ ዐይን። በሁለቱ የአሣሣል ልማዶች መካከል የታሪክ ትስስር የለም። ሆኖም ዐይናችን በዚያ ልማድ ስለሠለጠነ የቲንጋቲንጋን ነብር ስናይ ክፉ ብለን ለመፍረድ እንቸገራለን። አውሬው ያየናል፤ የሚያየን ደግሞ እንደ ጎረቤት ነው።

ገበሬው የሚያውቀው አንበሳ

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ እንስሳቱ የሚያስቁት ሠዓሊው መሣል ስላልተማረ ነው የሚል ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው ቃል «ናይቭ አርት» ነው፤ በቀጥታ ሲተረጎም የዋህ ሥዕል፣ ማለትም የአካዳሚ ሥልጠና በሌለው ሰው የተሠራ፣ የርቀትና የመጠን ሕግ የማይጠብቅ ሥራ ማለት ነው። እንደ መደብ መጠሪያ ይጠቅም ይሆናል። እንደ ማብራሪያ ግን ይጎድለዋል፤ ምክንያቱም ቀልዱን የስህተት ውጤት ያደርገዋል። ሁለተኛው ማብራሪያ ገበያውን ይጠቅሳል፦ ገዢው የውጭ አገር ሰው ስለሆነ፣ ፈገግ የሚያሰኝ ቀጭኔ ከሚያስፈራ ቀጭኔ ይልቅ ይሸጣል። ይህኛው እውነትነት አለው። ሆኖም ገበያው የትኛው ቀልድ እንደሚቀር ይወስናል እንጂ ቀልዱን አይፈጥርም።

ምንጩን ለማግኘት ወደ ደቡብ ታንዛኒያ ማሳ መሄድ ይሻላል። ቱንዱሩ በሰሜን ከሰሉስ፣ በደቡብ ከሞዛምቢኩ ኒያሳ የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልሎች መካከል ያለ የዝሆኖች መተላለፊያ ላይ የምትገኝ ወረዳ ናት። እዚያ ያለ ገበሬ ዝሆንን የሚያውቀው በፎቶ አይደለም፤ በአንድ ሌሊት የወደመ የበቆሎ ማሳ አድርጎ ነው። አንበሳም እንዲሁ። በ2005 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት ከ1990 ወዲህ በታንዛኒያ አንበሶች ከ563 የሚበልጡ ሰዎችን እንደገደሉና ቢያንስ 308 እንዳቆሰሉ ገልጿል፤ ጥቃቱ የከፋው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ በሚገኙ የእርሻ ወረዳዎች ነበር። ጥናቱ ያገኘው ምክንያት ለሥዕሉ ንባብ ጭምር ይጠቅማል። ሰብሉን የሚያጠፋው የዱር አሳማ ነው። ገበሬው አሳማውን ለመከላከል በመከር ሰሞን ማሳው ውስጥ በተሠራች ደካማ ጎጆ ያድራል። አንበሳው አሳማውን ተከትሎ ይመጣል፤ ሰውንም እዚያ ያገኘዋል።

የእኛ አገር አንባቢ ይህን ሁኔታ ለመረዳት ብዙ መራቅ አያስፈልገውም። ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ዝንጀሮና ጦጣ ሲጠብቅ የዋለ የገጠር ልጅ ያውቀዋል። ዝንጀሮ መጠበቅ ድካም ነው፤ ዝንጀሮው ግን አስቂኝ ነው። ጠባቂው ፊቱን ሲያዞር ይገባል፣ ሲያይ ይሸሻል፤ ሴትና ሕፃን ጠባቂን ይንቃል እየተባለ ይታማል። ከዚህ ጉርብትና የሚወለደው ቀልድ ንቀትም ፍቅርም ብቻ አይደለም። ጉዳት የሚያደርስብህን፣ ጠባዩንም አብጠርጥረህ የምታውቀውን ፍጥረት በሳቅ ልክህ ላይ ማምጣት ነው። በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ውስጥ ያለው ጅብ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል የሚያስቀን ሌሊት በረት የሚደፍረው አውሬ የተከበረ እንግዳ መስሎ ሲቀርብ ነው። ምሳሌው ሙሉ ሥዕል ነው፤ ጅቡም፣ ቁርበቱም፣ ግራ የገባው ባለቤትም ወለል ብለው ይታያሉ።

ቲንጋቲንጋና ተከታዮቹ ያደረጉት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል ብዬ አምናለሁ። ከማሳ የወጣ፣ ከተማ ውስጥ የሰው ግቢ የሚያጸዳ ሰው ያንን ማሳውን የሚያጠፋ አውሬ በአንድ ካሬ ሰሌዳ ውስጥ ከትቶ ዐይኑን አፍጥጦ እንዲያይ አደረገው። ነብሩ ቦታ ጠብቦት ጅራቱን ለማጠፍ ተገደደ። ይህ ከሥዕሎቹ የተወሰደ ንባብ ነው እንጂ ሠዓሊው ራሱ የሰጠው ቃል አይደለም፤ ነገር ግን «አልተማረም» ከሚለው ማብራሪያ ይልቅ ሥዕሎቹ ላይ ያለውን የጥንቃቄ ብዛት ያስረዳል። እያንዳንዱን ነጠብጣብ በተራ የሚያስቀምጥ እጅ በስህተት አያስቅም።

ከቲንጋቲንጋ ውጭም ተመሳሳይ መንገድ የሄደ ሠዓሊ አለ። ዩጋንዳዊው ጃክ ካታሪካዌ ከምዕራብ ዩጋንዳ የከብት አርቢዎች አገር ወጥቶ፣ በሹፌርነት ሠርቶ፣ በኋላ ናይሮቢ ተቀምጦ ላሞችን ሣለ፤ በ2018 ሞተ። ላሞቹ ይተቃቀፋሉ፣ ይኮራሉ፣ እንደ ሰው ይዋደዳሉ። የእሱ እንስሳ የቤት እንስሳ ነውና ቀልዱ ለስለስ ይላል፤ የሚሣለው ጠላት ሳይሆን ቤተሰብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚያሳየው «የአፍሪካ እንስሳት ሥዕል» የሚባል አንድ ነገር እንደሌለ ነው። ላም የሚያረባና ማሳ የሚጠብቅ ሰው በተለያየ ነገር ይስቃሉ።

ሰዎቹ ወደ ሥዕሉ ሲገቡ

ከ1972 በኋላ የመጣው ትውልድ አንድ እንስሳ በአንድ ሰሌዳ ከሚለው ልማድ ወጣ። መሐመድ ቻሪንዳ ሥዕሉን ወደ ተረት አዞረው፤ የመንደር ታሪክ፣ መድኃኒት አዋቂው፣ መንፈሶችና የጎረቤት ጠብ በአንድ ሥዕል ውስጥ ይተረካሉ። ሞረስ ማሊኪታ ገበያውንና መንገዱን በሰው አጥለቀለቀው። የሆስፒታል ሥዕል የሚባል ዘርፍም ተፈጠረ፦ ወረፋ የሚጠብቁ በሽተኞች፣ መርፌ የያዘ ነርስ፣ በሌላው ጥግ ደግሞ ባህላዊው ሐኪም ከነሥራሥሩ። መሥራቹ ራሱ የሆስፒታል ሠራተኛ ስለነበር ዘርፉ ለቅጡ እንግዳ አይደለም።

በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ሸታኒ የሚባሉ ፍጡራን በብዛት ይገባሉ። ቃሉ ከእኛው ሰይጣን ጋር ከአንድ ሥር የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ግን ሁልጊዜ ክፉ ማለት አይደለም። የሚቀልዱ፣ የሚያሳስቱ፣ አንዳንዴም የሚረዱ መንፈሶች ናቸው፤ ከሰይጣን ይልቅ ለዛርና ለቆሌ ይቀርባሉ። ጆሮ ትልልቅና ሆደ ቦርጫም ሸታኒዎችን በመንደር ሥራ ላይ እየሣለ ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘው ጆርጅ ሊላንጋ (1934–2005) ነው። በሽያጭ መግለጫዎች ላይ ብዙ ጊዜ የቲንጋቲንጋ ሠዓሊ ተብሎ ይጻፋል። ሊላንጋ ግን መነሻው የማኮንዴ ሕዝብ የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ነው፤ መንገዱም ሌላ ነው። የስሙ መደበላለቅ የሚያሳየው «ቲንጋቲንጋ» የሚለው ቃል ከቅጥ መጠሪያነት አልፎ ደማቅ ቀለም ላለው የምሥራቅ አፍሪካ ሥዕል ሁሉ መያዣ ከረጢት እንደሆነ ነው።

ይህ የመንደር ሥዕል ዘርፍ፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉም የበለጠ ሀብታሙ ነው። በጣም የሚሸጠው ግን እሱ አይደለም። አብዛኛው ገዢ የመጣው ከሳፋሪ ጉዞ ነው፤ የሚፈልገውም ያየውን፣ ማለትም ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ የሜዳ አህያና ከጀርባ በረዶ የለበሰ ኪሊማንጃሮ ነው። ቱንዱሩ ከኪሊማንጃሮ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የሥዕሉ መልክዓ ምድር ከሠዓሊዎቹ መንደር ተነቅሎ ወደ ቱሪስቱ የጉዞ መስመር የተዛወረው በዚህ መንገድ ነው። ሰሌዳውም ተለውጧል፤ ዛሬ ብዙው ሥዕል የሚሠራው በሸራ ላይ ነው፣ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ።

ኪትሽ ነው ወይስ ጥበብ?

«ኪትሽ» የሚለው ቃል ስሜትን በቀላሉ ለመኮርኮር ታስቦ እየተባዛ የሚሠራን፣ የጥበብ መልክ እንጂ ጥልቀት የሌለውን ነገር ያመለክታል። የቲንጋቲንጋ ሥዕል ላይ ይህን ቃል የሚለጥፉ ሰዎች ሙግታቸው ቀላል አይደለም። አንድ ሠዓሊ ያንኑ ቀጭኔ በሳምንት ብዙ ጊዜ ይሥላል። የአንዱን ሥራ ከሌላው ለመለየት ፊርማ ማየት ያስፈልጋል። ገዢው የሚፈልገውን መሣል ደግሞ ለጥበብ ነፃነት አይመችም።

ከወዲያኛው ወገን የሚቀርበው መከራከሪያ ድግግሞሽን እንደ ጉድለት ማየት ራሱ የተወሰነ ባህል ፍርድ ነው የሚል ነው። ለእኛ ይህ ክርክር እንግዳ ሊሆን አይገባም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ክፍሎች እየከፋፈሉ የሣሉ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ያንኑ ታሪክ ደጋግመው ለውጭ አገር ገዢዎች ሸጠዋል። በቸርችል ጎዳና ሱቆች የተሰቀሉት የእርሻ፣ የውቂያ፣ የጉግስና የግብር ሥዕሎችም በብዛት ከመመሳሰላቸው የተነሳ የአንድ ሰው እጅ ይመስላሉ። ሆኖም በዚያው የድግግሞሽ ዓለም ውስጥ በላቸው ይመር የሚባል ሠዓሊ የራሱ እጅ ነበረው። የቤተ ክርስቲያንን አሣሣል ተምረው ለገበያም የሣሉት ቄስ አዳሙ ተስፋው ደግሞ በ2005 በሎስ አንጀለስ ፋውለር ሙዚየም ለብቻቸው ዐውደ ርእይ ቀርቦላቸዋል። ገበያ ውስጥ መሥራት ሠዓሊን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ስሙን አለመጠየቅ ነው።

በሁለቱ ወገኖች መካከል ስመዝነው፣ ኪትሽ የሚለው ፍርድ ለአንዳንዱ ሥዕል ትክክል ሆኖ ለቅጡ ግን ስህተት ይመስለኛል። የቅጡ ታላቅነት መለካት ያለበት በቻሪንዳ ዓይነት ሥራ እንጂ በአየር ማረፊያ ሱቅ በተደረደረው አይደለም። ማንም የግዕዝ ቅኔን በደካማ ተማሪ ሙከራ አይመዝንም።

የቅጡ ባለቤት ማነው?

የቅጂ መብት ሕግ የሚጠብቀው የተሠራውን ሥራ ነው፤ ቅጥን አይጠብቅም። አንድ የተወሰነ የነብር ሥዕል ያለ ፈቃድ ማባዛት ሊያስጠይቅ ይችላል፤ በነጠብጣብና በደማቅ ጀርባ ሌላ ነብር መሣል ግን አያስጠይቅም። መርሁ በኢትዮጵያም ያው ነው፦ የ2004 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1996) የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ሐሳብንና ስልትን ሳይሆን የተገለጸውን ሥራ ይጠብቃል። ከዚህ በተጨማሪ የጊዜ ገደብ አለ። ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት ያስቀመጠው ዝቅተኛ የጥበቃ ዘመን የደራሲው ሕይወትና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። ቲንጋቲንጋ የሞተው በ1972 ስለሆነ፣ በዚህ ዝቅተኛ ልክ በሚሠራ አገር የራሱ ሥራዎች ጥበቃ በ2022 መጨረሻ አብቅቷል። 70 ዓመት በሚሰጡ አገሮች ስሌቱ ይለያል።

ሕጉ ቅጥን ነፃ የተወው ያለ ምክንያት አይደለም። ቲንጋቲንጋ ራሱ ቅጡን ለተማሪዎቹ ያስተላለፈው እንዲቀዱት በማድረግ ነው። መቅዳት ቢከለከል ኖሮ ከ1972 በኋላ ምንም አይቀጥልም ነበር። ችግሩ የተፈጠረው በሰው እጅ ፍጥነት የተመጠነው ይህ ልማድ ከፋብሪካ ማተሚያና ከኤአይ ፍጥነት ጋር ሲገናኝ ነው። ተማሪ ሲቀዳ አስተማሪው አጠገቡ ነው፤ ከሽያጩም የሚካፈለው ሰፈሩ ነው። ኤአይ ሲቀዳ ግን በበይነ መረብ የተበተኑ ምስሎችን ሰብስቦ የሚበዛውን መልክ ያወጣል። የሚበዛው ደግሞ ቱሪስቱ የገዛው ነው፤ ስለዚህ ቀጭኔው፣ ዝሆኑና ኪሊማንጃሮ ይደጋገማሉ። ገበሬውን ሌሊቱን ሙሉ ያስጠበቀው የዱር አሳማ አይወጣም፤ የሆስፒታሉ ወረፋም አይወጣም። ገበያ ለአሥርት ዓመታት ቀስ እያለ ያጠበበውን ክልል ማሽን በአጭር ጊዜ አጥሮ ሊዘጋው ይችላል።

መፍትሔ ተብለው ከሚነሱት አንዱ ቅጡን ሳይሆን ስሙን ማስጠበቅ ነው፤ በኅብረት የንግድ ምልክት፣ ማለትም የአንድ ማኅበር አባላት ብቻ በሚጠቀሙበት መለያ። ለዚህ ኢትዮጵያ ጠቃሚ ምሳሌ ናት። ከ2005 ጀምሮ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በውጭ አገራት በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሳ ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ ቡና ሻጭ ኩባንያ ጋር ውዝግብ ውስጥ ገብታ ጉዳዩ በ2007 በስምምነት ተፈቷል። ቡናውን ማንም ሊያበቅል ይችላል፤ ስሙን ግን ማንም እንደፈለገ አይለጥፍም። ለሥዕል ይህን መንገድ መከተል የሚያስቸግረው ሠዓሊዎቹ ስለተበተኑ ነው። ዛንዚባር፣ አሩሻና ናይሮቢ ውስጥ ከማኅበሩ ውጭ ሆነው ዕድሜያቸውን በዚህ ቅጥ ያሳለፉ ሰዎች አሉ። ከቀደምቶቹ ተማሪዎች አንዱ የነበረው ሲሞን ምፓታ እንኳ ወደ ናይሮቢ ተሻግሮ በጃፓን እጅግ ታዋቂ ሆኗል፤ በማሳይ ማራ ጃፓናውያን ያቋቋሙት የሳፋሪ ማረፊያ በስሙ ይጠራል። ስሙ ለዳሬሰላም ማኅበር ብቻ ቢሰጥ የምፓታ ዓይነት ሠዓሊ የት ይገባል? ተገቢ የሚመስለው መለያው የማኅበር አባልነትን ሳይሆን የሠዓሊውን ስም፣ የተሠራበትን ቦታና በእጅ መሠራቱን እንዲያረጋግጥ ማድረግ ነው። የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ አይደለም፤ በየአገሩ ማስመዝገብና አስመሳይን መከታተል ለመንግሥት እንኳ ከባድ እንደሆነ የቡናው ጉዳይ አሳይቷል።

እስከዚያው ግን የመለየቱ ሥራ በገዢው እጅ ነው፤ በተለይም የመሥራቹ ፊርማ በሐሰት እየተጻፈ በሚሸጥበት ገበያ። የ1968–1972 ሥዕል ነው ተብሎ የቀረበ ነብር ሲያጋጥም ባለሙያዎች ፊቱን ብቻ አያዩም፤ ገልብጠው ጀርባውንም ያያሉ። በሸራ ላይ ከተሠራ ጥርጣሬው ወዲያው ይነሳል። ሜሶናይት ከሆነ በአንድ በኩል ልስልስ፣ በሌላው በኩል ሲሠራ ከታች የነበረው የሽቦ ወንፊት የተወው የጥልፍልፍ አሻራ አለበት። ከፊት ደግሞ የብስክሌቱ ቀለም ሃምሳ ዓመት አልፎት ቢጫው ሲወይብና ጠርዙ ላይ ሲሰነጠቅ፣ ነጠብጣቦቹ አሁንም ከሰውነቱ ትንሽ ከፍ ብለው በጣት ይዳሰሳሉ፤ ሠዓሊው የታችኛው እስኪደርቅ ጠብቆ እያንዳንዱን ለብቻው እንዳስቀመጠው።